አዲስ የመረጃ ቴክኖሎጂ ለገበሬው ማኅበር የሚያስገኘው ጥቅም እንዴት ይመዘናል?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





የማኅበር በዓል ሲከበር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሚዛን ላይ ስለ ወጣ ነገር ነው። በምሥረታው ዓመት ስንት ኩንታል ተገዛ፣ ዛሬ ስንት ደረሰ፣ ስንት መጋዘን ተሠራ፣ ስንት የጭነት መኪና ተገዛ ተብሎ ይቆጠራል። ዛሬ የሚቀርበው ርእስ ግን ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ጆንያም አይሞላም። እርሱም መረጃ ነው። በተለይም መረጃን በስልክና በኮምፒውተር የሚያመላልሱ አዳዲስ ዘዴዎች ለገበሬው ማኅበር በእርግጥ ትርፍ ያስገኛሉ ወይስ አያስገኙም የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ዩኒየኖች ጽሕፈት ቤት ሐሳብ ይዘው የሚመጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። አንዱ የእህል ዋጋ በሞባይል መልእክት ለገበሬው እናድርስ ይላል። ሌላው የአባላት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ይግባ፣ ሦስተኛው ክፍያ በስልክ ይፈጸም፣ አራተኛው የእያንዳንዱ አባል ማሳ በሳተላይት ይለካ ይላል። በቅርቡ ደግሞ ስለ ሰብል በሽታ ሲጠየቅ በራሱ መልስ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ተጨምሯል። ሁሉም ጥሩ ይናገራሉ፤ በግድግዳ ላይ የሚያሳዩት ሥዕልም ያምራል። ሆኖም የሚጠየቀው ገንዘብ የአባላት ገንዘብ ነው። በትርፍ ክፍፍል ወደ አባሉ እጅ ሊገባ ወይም የሚያፈስ የመጋዘን ጣሪያ ሊጠግን የሚችል ብር ነው። በብድር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ማሰብ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል አዲስ ነገር ሁሉ ይቅር ብሎ በር የሚዘጋ ማኅበርም ይከስራል፤ ኪሳራው በመዝገብ ላይ ስለማይታይ ብቻ ማንም አይጠይቀውም።

ነገሩን ለመመዘን ከሕንድ የተገኙ ሁለት ታሪኮች ይረዳሉ። ሁለቱም የተጠኑ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

የመጀመሪያው በደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ በምትባለው ግዛት የሆነ ነው። በዚያ ሳርዲን የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በሞተር ጀልባ ሌሊት ወጥተው ማለዳ ወደ ባሕር ዳርቻ ገበያ ይመለሳሉ። ዓሣ አያድርም፤ በዚያው ጠዋት ካልተሸጠ ይጣላል። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 1997 ባዳጋራ በተባለው የባሕር ዳርቻ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው የያዙትን ዓሣ ጣሉት። በዚያው ማለዳ ከ15 ኪሎ ሜትር በማይርቁ ሌሎች ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። ሻጩ ገዢው የት እንዳለ አላወቀም፤ ገዢውም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የሞባይል ስልክ ወደዚያ አካባቢ ደረጃ በደረጃ ገባ። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ ወደየገበያው እየደወሉ ጀልባቸውን የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ያዞሩ ጀመር። ቀድሞ በአማካይ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ዓሣ ይጣል ነበር፤ ይህ ብክነት ጠፋ ማለት ይቻላል። የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ሲጨምር፣ ዓሣ ገዝቶ የሚበላው ሰው የሚከፍለው ዋጋ 4 በመቶ ቀነሰ። ሻጭም ሸማችም ተጠቀሙ።

ይህ ታሪክ በየስብሰባው ይነገራል። ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በተለይ ይወዱታል። ሁለተኛውን ግን እምብዛም አያነሡትም።

ሁለተኛው በዚያው በሕንድ፣ ማሃራሽትራ በምትባለው ግዛት የሆነ ነው። ሮይተርስ ማርኬት ላይት የተባለ አገልግሎት የሰብል ዋጋ፣ የአየር ጠባይና የእርሻ ምክር በሞባይል መልእክት ለገበሬዎች ይልክ ነበር። ማርሴል ፋፍሻምፕና በኢትዮጵያ የእህልና የቡና ገበያ ላይም ብዙ ጥናት ያደረገው ባርት ሚንተን አገልግሎቱን በ100 መንደሮች ፈተሹት። ለአንዳንድ ገበሬዎች ለአንድ ዓመት በነጻ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ለሌሎች አልተሰጠም፤ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ተነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት አጭር ነው፤ መልእክቱን ያገኙት ገበሬዎች ምርታቸውን የሸጡበት ዋጋ ካላገኙት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም።

አንድ አገር ነው፤ ዕቃውም ያው ሞባይል ስልክ ነው። ታዲያ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ያልጠቀመው ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን ስልኩን በያዘው ሰው አቋም ላይ ይመስላል። የኬረላው ዓሣ አጥማጅ መረጃውን ሲሰማ ጀልባው እግሩ ሥር ነው፤ መሪውን ለማዞር የሚከለክለው የለም። መረጃውና ውሳኔው በአንድ እጅ ናቸው። ዋጋው በመልእክት የደረሰው ገበሬ ግን ሌላ ገበያ የመሄጃ መንገድ፣ የመጫኛ ገንዘብ ወይም የመቆያ ጊዜ ከሌለው ሰማ እንጂ ምንም አላደረገም።

ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ኩንታል በቆሎ በአህያ ጭኖ ገበያ የወጣ ሰው፣ ከተማ ላይ ኩንታሉ በመቶ ብር እንደሚበልጥ ቢነገረው ምን ያደርጋል? ጭኖ አይመለስም። የጫነውም በምክንያት ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የግብር ጊዜ ደርሷል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል፣ ወይም ሠርግ ተደግሷል። ደግሞም ምርት በተሰበሰበበት በጥር ዋጋ እንደሚወርድና በሐምሌ እንደሚወጣ ከገበሬው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያጣው መረጃውን ሳይሆን እስከ ሐምሌ መቆየትን ነው። ነቀዝ የማይደርስበት መጋዘንና በምርቱ መያዣነት የሚገኝ አነስተኛ ብድር ቢኖረው ኖሮ የዋጋው መልእክት ገንዘብ ይሆንለት ነበር።

ስለዚህ ለማንኛውም የመረጃ ቴክኖሎጂ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ አባሉ ይህን ባወቀ ጊዜ ነገ ጠዋት ከዛሬ የተለየ ምን ማድረግ ይችላል? መልሱ "ምንም" ከሆነ ቴክኖሎጂው ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚያወጣው ዋጋ የለም። መልሱ "መጋዘን ቢኖረው ኖሮ" ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የሚሠራው መጋዘኑ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ታሪክም ከዚህ አንጻር ሲታይ ብዙ ያስተምራል። ምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ከሁሉ በላይ የሕዝብን ዓይን የሳበው በየገበያው የተተከለው የኤሌክትሮኒክስ የዋጋ ሰሌዳና በ934 እየተደወለ ዋጋ የሚሰማበት ስልክ ነበር። ፎቶግራፍ የሚነሣውም እርሱ ነበር። ሆኖም ከሰሌዳው በስተጀርባ ያለው ሥራ ይበልጣል። ሻጩ ምርቱን ወደ መጋዘን ያስገባል፤ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፤ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ ምርቱ ከተሸጠ በማግሥቱ ገንዘቡ በባንክ ይገባለታል። ገዢው ያላየውን ምርት በደረጃው አምኖ ይገዛል፤ ሻጩም የማያውቀው ገዢ ገንዘቡን እንዳይከለክለው አይሰጋም። ሰሌዳው ብቻውን ቢተከል ኖሮ ገበሬው ቆሞ የሚያየው መብራት ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። የዋጋ መረጃን እንደ ጨው መሸጥ ከባድ ነው። አንድ ሰው በወር ከፍሎ ዋጋውን ቢሰማ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ ለጎረቤቱ ይነግረዋል። መንገሩም ያስመሰግነዋል እንጂ አያስወቅሰውም። በመሆኑም በሁለተኛው ወር የሚከፍል ሰው አይገኝም። የመረጃ አገልግሎት በአባላት የወር ክፍያ ይተዳደራል የሚል ዕቅድ ሲቀርብ ቦርዱ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

አይቲሲ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ኮምፒውተር በየመንደሩ እያስገባ በአንድ የመንደሩ ገበሬ ቤት ያስቀምጥ ነበር። ማንም ገበሬ መጥቶ የአኩሪ አተር ዋጋ በነጻ ያያል። ኩባንያው በዚያ ዋጋ ይገዛል፤ ገበሬውም ከፈለገ ለእርሱ፣ ካልፈለገም እንደ ድሮው ወደ መንግሥት ገበያ ወስዶ ይሸጣል። ኩባንያው ያተረፈው ከመረጃው ሽያጭ ሳይሆን ጥራት ያለው አኩሪ አተር በቀጥታ በማግኘቱና በመካከል የሚባክነውን የማመላለሻና የማራገፊያ ወጪ በማዳኑ ነው። አፓራጂታ ጎያል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ አሠራር በገባባቸው አካባቢዎች በመንግሥት ገበያም ጭምር የአኩሪ አተር ዋጋ በአማካይ ከ1 እስከ 3 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ነጋዴው ገበሬው ዋጋውን እንዳወቀ፣ ሌላ ገዢም እንዳለው ሲያይ ዝቅ አድርጎ መጥራት አልቻለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ዩኒየን ከማንኛውም የስልክ አገልግሎት ሰጪ የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል። ዩኒየን ገዢ ነው። መረጃውን በነጻ ሰጥቶ ትርፉን በኩንታሉ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ አባሉ መረጃውን ከዩኒየኑ ሰምቶ ምርቱን ለነጋዴ ቢሸጥ ነው። ይህም በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ነጋዴው ገንዘቡን እዚያው በእጅ ስለሚሰጥ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው እንጂ የማንም ዩኒየን ሂሳብ አይደሉም። አንድ የመረጃ ሥርዓት ለመትከል 600,000 ብር፣ ከዚያ በየዓመቱ ለማንቀሳቀስ 200,000 ብር ይጠይቃል እንበል። ዩኒየኑ በዓመት 20,000 ኩንታል ይገዛል። ሥርዓቱ ዋጋን በማሻሻልና ብክነትን በመቀነስ በኩንታል 10 ብር ቢያስገኝ 200,000 ብር ይሆናል፤ የዓመቱን ማንቀሳቀሻ ብቻ ይችላል፤ መትከያው ግን ለዘለዓለም አይመለስም። በኩንታል 25 ብር ቢያስገኝ 500,000 ብር ይገባል፤ ከማንቀሳቀሻው ሲቀነስ 300,000 ብር ይተርፋል፤ መትከያው በ2 ዓመት ይመለሳል። አባላት ግማሹን ምርት ለነጋዴ ቢሸጡና ዩኒየኑ የገዛው 10,000 ኩንታል ቢሆንስ? ያው 25 ብር 250,000 ብር ብቻ ያመጣል፤ የሚተርፈው 50,000 ብር ነው፤ መትከያውን ለመመለስ 12 ዓመት ይፈጃል። በ12 ዓመት ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሩም ስልኩም አርጅተው ተጥለዋል። ትርፍና ኪሳራው ከቴክኖሎጂው ጥራት ይበልጥ በአባሉ ታማኝነት ላይ እንደሚወሰን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማያደርጉት አንድ ንጽጽር አለ። የአዲሱ ሥርዓት ጥቅም መቆጠር ያለበት ዛሬ በኪስ ባለው ተራ ስልክ ሊሠራ ከሚችለው በላይ የሚጨምረው ብቻ ነው። በዓመት 40 ጊዜ የጭነት መኪና ወደ መሠረታዊ ማኅበር ሄዶ ያልሞላ ጭነት ይዞ ቢመለስና እያንዳንዱ ጉዞ 8,000 ብር ቢያስወጣ 320,000 ብር ይባክናል። ይህን የምርት መከታተያ ሥርዓት ያድነዋል ተብሎ በትርፍ በኩል ይጻፋል። ነገር ግን ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ለመጋዘን ጠባቂው ቢደወል ያው ብር በጥቂት ብር ይድናል። እስካሁን የሚደውል ሰው ካልተመደበ ጉድለቱ የአስተዳደር ነው፤ ኮምፒውተርም አያድነውም።

ሁሉም አዲስ ነገር ግን በተራ ስልክ የሚተካ አይደለም። በስልክ የሚፈጸም ክፍያ ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት ይገባዋል። በኬንያ ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ሲጀመር ሰዎች አዲስ ልማድ እንዲለምዱ አልጠየቀም፤ ከተማ ያለ ልጅ ገጠር ላሉ ወላጆቹ ገንዘብ መላክ የቆየ ችግር ነበርና። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ኤም ፔሳም እ.ኤ.አ. በ2023 ገብቷል። የመሠረታዊ ማኅበር ገንዘብ ያዥ በግዢ ወቅት ጥሬ ብር በከረጢት ይዞ በእግርና በመኪና መጓዙ፣ ለእርሱም ለቤተሰቡም ሥጋት መሆኑ፣ ብሩ እስኪደርስ አባሉ ቀናት መጠበቁና በዚህ መካከል ምርቱ ወደ ነጋዴ መሄዱ ሁሉም የሚያውቀው ነው። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው የሚነካው የዩኒየኑን ዋና ቁስል ነው። ክፍያው ሚዛን በተነሣበት ሰዓት ከደረሰ ነጋዴው የነበረው ብልጫ ይጠፋል።

ሆኖም በስልክ የገባ ብር ለገበሬው ገና ብር አይደለም። ጤፍ የሚያስፈጨው፣ በግ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ መንዝሮ የሚሰጠው ወኪል በቅርብ ያስፈልገዋል። የኬንያው አሠራር የቆመውም በየሱቁ በነበሩት ወኪሎች ነው። ስለዚህ ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት በእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አካባቢ ስንት ወኪል እንዳለና በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በእጁ ስንት ብር እንደሚቀር ሰው ልኮ ማስቆጠር አለበት። መሠረታዊ ማኅበሩ ራሱ ወኪል መሆን ይችል እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማንበብ የማይችሉ አባላትም አይረሱ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር ስልክ ምክሩን በድምፅና በአገር ቋንቋዎች ማቅረቡ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። በጽሑፍ ብቻ የሚደርስ መልእክት ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው በልጁ በኩል ነው። ስልኩ በባል ኪስ ባለበት ቤት ደግሞ ሴቷ አባል ከሁለት ሰው በኋላ ትሰማለች።

ቡና ለሚያቀርቡ ማኅበራት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑ መረጋገጥ፣ የበቀለበት ቦታም በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ሐሳቡ ግን አልተነሣም። እዚህ ላይ የሚመዘነው በኩንታል ምን ያህል ይጨምራል የሚለው አይደለም፤ ባይሠራ የትኛው ገዢ ይዘጋል የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይገዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደንቡ የማሳውን ድንበር ዙሪያውን በነጥብ የሚጠይቀው ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ መሬት ነው፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። አብዛኛው የቡና ገበሬ ያለው መሬት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ነጥብ ለመያዝ የአቅጣጫ ማሳያ ያለው ስልክ፣ የሠለጠነ ወጣትና ቀበሌውን የሚያውቅ ሽማግሌ ይበቃሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የአባሉ ስም፣ የማሳው ቦታ፣ ያቀረበው ምርትና ያለበት ዕዳ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ራሱ ሀብት ይሆናል፤ ነጋዴም አበዳሪም ይፈልገዋል። ይህ መዝገብ በሻጩ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ውሉ ቢቋረጥ፣ ወይም ወጪውን የሚችለው ፕሮጀክት ቢያልቅ ዩኒየኑ የራሱን አባላት መዝገብ ከሰው ደጅ ሊለምን ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሰው የቀሩ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ቅሪቶች ናቸው። ስለዚህ መዝገቡ የማኅበሩ ንብረት መሆኑ፣ በየወሩ ሙሉ ቅጂው ለዩኒየኑ መሰጠቱ፣ ያለ ጠቅላላ ጉባኤው ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አለመተላለፉ በውሉ ላይ በግልጽ አማርኛ መጻፍ አለበት። የወረዳ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ሊረዱ የሚችሉበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ማየት።

ሙከራውን በሚመለከት፣ ሻጩ ራሱ በመረጠው፣ መንገድ ዳር በሚገኝና ኔትወርክ በማይጠፋበት ማኅበር የተደረገ ሙከራ ምንም አያስረዳም። ኔትወርክ ያላቸው ሁለት መሠረታዊ ማኅበራት፣ ኔትወርክ የሚያስቸግራቸው ደግሞ ሌሎች ሁለት ቢወሰዱና አንድ ሙሉ የግዢ ወቅት ቢሠራበት ልዩነቱ ይታያል። በአጠገባቸው ሥርዓቱ ያልገባላቸው ማኅበራትም አብረው መቆጠር አለባቸው፤ አለበለዚያ ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት የተገኘው ምርት ሁሉ በኮምፒውተሩ ስም ይጻፋል። የሚቆጥረውም ሻጩ ሳይሆን የዩኒየኑ ተቆጣጣሪ ኮሚቴና ኦዲተር ነው።

በሙከራው ወቅት የወረቀቱ መዝገብ አይቋረጥም። መጋዘን ጠባቂው እንደ ድሮው በእጁ ይጽፋል፤ ማታ ማታ ከስልኩ ጋር ያመሳክራል፤ የማይገናኝ ቁጥር ባገኘ ቀን የኩንታሉን ልዩነትና ምክንያቱን በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ይመዘግባል። የእነዚያ ማስታወሻዎች ቅጂ ከሻጩ ዘገባ ጋር ለየመሠረታዊ ማኅበሩ ከጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ ቢላክ፣ ተወካዮቹ ከአባሎቻቸው ጋር ተነጋግረው ለድምፅ ይመጣሉ።